ከአማቼ ጋር ከፖርቹጋሎች ግንብ ሥር

የእኛ አገር ሰው ብዙ ውሃ ሲባል ዓባይ ይመስለዋል። እሱንም ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል እንጂ ወርዶ አይዳፈረውም። እኔም እንዲያው ነበርኩ። መካነ ሰላም ተወልጄ፣ መካነ ሰላም ተድሬ፣ መካነ ሰላም አርጅቼ፣ ሩቅ ሄድኩ ካልኩ ደሴ ነው፤ እሱም ዓይኔን ታምሜ። እንግዲህ ይቺው ሴትዮ ናት በስተርጅና አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ኦማን የሚባል አገር ወርዳ፣ የድሮ ፖርቹጋሎች ከሠሩት ግንብ ሥር ከአማቿ ጋር ጀልባ ላይ የተቀመጠችው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ስቋል። ይሳቅ። ያኔ እኔ አልሳቅሁም፤ አሁን ግን ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች፤ ለዕረፍት መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የማይጥማትን ነገር ስናገር ብዕሯ ይዘገያል፤ እኔም እጠብቃታለሁ። ዘልላ እንደሆነ ጎረቤት አስነብቤ እደርስባታለሁ፣ ታውቀኛለች።

ይቺ ልጅ ዐረብ አገር ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች። ኋላ እዚያው ሙስካት ላይ አንድ የወረኢሉ ልጅ አገኘችና ተጫጩ። ሥራው ጀልባ ነው፤ ፈረንጆችን እየጫነ የባሕሩን ዳር፣ የጥንቱን ግንብ ያሳያል። የወረኢሉ ሰው በጀልባ ሲኖር አስቡት። በግ ነጂ ነበር አባቱ።

ለሠርጋቸው እዚህ መጥተው አይቼዋለሁ፣ ማየት ከተባለ። በእኛ ወግ አማትና አማች መች ይተያያል? እሱ አንገቱን ደፋ፣ እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ፣ አንቱ ተባብለን፣ ደህና ሰንብቱ ተባብለን ተለያየን። አማት ፊት ደግሞ አይበላም። አማቱ እያየችው የጎረሰ ወንድ፣ ገበያ መሀል ሱሪው የወለቀ ማለት ነው።

ልጄ ከዚያ በኋላ አንዴ አርግዛ ወረዳት። ባሏ ባሕር ላይ ነበር፣ እሷ ብቻዋን። በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ሁለተኛ ስትፀንስ ደስታ የለም፣ ፍርሃት ብቻ። ‹‹እምዬ፣ ያለ አንቺ አልወልድም›› አለችኝ። እኔም ጊዜሽ ሲደርስ እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ በማርያም ስም ቃል ገባሁላት። ቃሉን ስገባ አገሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

እስከዚያው በስልክ አስተምራት ጀመር። ከባድ አታንሺ፣ ያማረሽን አትደብቂ እላታለሁ። ከሁሉ በላይ ያጠበቅሁባት ግን አንድ ነገር ነው፤ ምጥ ሲጀምርሽ አፍሽን ዝጊ። እኛ ዘንድ ምጥ ሰው ጆሮ ከገባ ይረዝማል ይባላል። ሰሚው በበዛ ቁጥር ሕፃኑ እያፈረ ወደ ኋላ ይላል። እኔ ራሴ እሷን ሳምጥ ባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹‹ከብቶቹ ጠፍተዋል፣ ሄደህ ፈልግ›› ብዬ ላክሁት። ከብቶቹ በረት ውስጥ ነበሩ። እሱ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ውሎ ሲመለስ ልጅቷ ተወልዳ ጠበቀችው። ይህን ወሬ ልጄ ስትሰማው ነው ያደገችው፤ ንገሪኝ እያለች ታስደግመኝ ነበር።

ልሄድ ስል ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። ዱበርቲ የሚባሉ አሉ እኛ ዘንድ፣ ለነፍሰ ጡር ዱዓ የሚያደርጉ እስላም ሴቶች፤ እኛ ክርስቲያኖቹም አብረናቸው እንቀመጣለን። እነሱ ዱዓ አደረጉ፣ እኛ አሚን አልን። እኛ ማርያም በሽልም ታውጣት አልን፣ እነሱ አሚን አሉ። ከዚያ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት አዋጥተው ቋጠሩልኝ፤ ከደጎሎ የመጣ ገብስ፣ ተቆልቶ የተፈጨ፣ ሽታው ከቋጠሮው የሚያመልጥ። የተነጠረም ቅቤ በጠርሙስ።

መንገድ ላይ፣ አቀስታ ስንደርስ፣ ብርዱ ጋቢዬን ዘልቆ አጥንቴን ነካኝ። ሙስካት ስወርድ ያንን ጋቢ ማን ይያዝልኝ። አገሩ ምጣድ ነው። ተራራው ራቁቱን የቆመ ጥቁር ድንጋይ፣ ፍየል ምን እንደምትበላበት እንጃ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሰው ዱቄቴን ከፍቶ በዐረብኛ ጠየቀኝ። እኔ ዐረብኛ የት አውቄ። ግን የወሎ ሰው ነኝ፤ ሰላምታውንስ ማን ይቀድመኛል። አሰላሙ አለይኩም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ኢንሻአላህ፣ ያለኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩለት። ከዚያ እጄን ሆዴ ፊት አዙሬ ትልቅ ሆድ ሠራሁ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ክንዴን አወዛወዝኩ፣ ዱቄቱን ወደ አፌ አሳየሁ። ሰውየው መጀመሪያ እኔ ያረገዝኩ መሰለው መሰለኝ፣ ሽበቴን አይቶ ደነገጠ። ሲገባው ሳቀና ቋጠሮውን እራሱ አስሮ ሰጠኝ።

ቤታቸው ሙትራ በሚባል ሰፈር፣ ከወደቡ አጠገብ ነው። ከመስኮታቸው ቋጥኝ ላይ የተሠራ ግንብ ይታያል። እሱንም የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው አለችኝ ልጄ። ‹‹እዚህም መጥተው ነበር?›› አልኳት። እኛ አገር አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ባየን ቁጥር ፖርቹጋል ሠራው እንላለን፤ ለእኛ ብቻ የመጡ ነበር የመሰለኝ።

አማቼ ያን ሰሞን በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ነበር የሚኖር። ምሳውን ወጥ ቤት ገብቶ ቆሞ ይበላል። ኮቴዬን ሲሰማ የጎረሰውን ሳያላምጥ ይውጣል፣ ሳህኑን ከጀርባው ይደብቃል። እኔም ደግ አይደለሁም፤ አንዳንዴ ሳይጠማኝ ውሃ ልጠጣ ብዬ እገባ ነበር። ‹‹እምዬ፣ አንድ ቀን ታንቆ ይሞትብኛል›› አለችኝ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ስገባ ማሳል ጀመርኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ልጄ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ቤቱን ጠርጋ፣ ልብሱን ሁሉ አጥባ ጠበቀችኝ። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥም አለች። ዕቃውን ያዝ ለቀቅ እያደረገች ትንጎራደዳለች። ከዚያ ባሏን ጠርታ፣ ዛሬ ሥራ የለህም፣ እምዬን ባሕሩን ወስደህ አሳያት አለችው። ሰውየው ላብ አሰመጠው። እኔም አንቺን እንዲህ ሆነሽ ትቼ የት ልሄድ አልኩ። ገና ነው፣ ሐኪሙም ገና ነው ብሏል፣ ልጁ ከተወለደማ መቼ ልትወጪ ነው አለችኝ። ነገሯ እውነት መሰለኝ። ስንወጣ በሩን ደገፍ ብላ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። ሳቋን የምታፍን መሰለኝ። አማትና አማች ባሕር ሲወርዱ ማን አይስቅ? እኔም ጥቅስ አድርጌያት ወጣሁ።

ጀልባው ጋ ስንደርስ እጁን ሊሰጠኝ አፍሮ ገመድ ዘረጋልኝ። ገመዱን ይዤ እንደ ጥጃ ተጎትቼ ገባሁ። ከጎማ የተሠራ የሚመስል ሰደርያ አለበሰኝ፣ ብወድቅ የሚያንሳፍፍ ነው አሉ። እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ሞተሩን አስነሳ፤ እኔ የማውቃቸውን ታቦታት በሙሉ ጠራሁ። ውሃው ከታች ይነሳል፣ ይወርዳል፤ እንደ በቅሎ ነው፣ ግን ልጓም የለውም።

ቋጥኙን ዞረን ስንሄድ ሌላ ትንሽ ወደብ ወጣ። በግራም በቀኝም ድንጋዩ ላይ ግንብ ተቀምጦበታል፣ ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚሟገቱ ይመስላሉ። አማቼ ሞተሩን ቀነሰ። ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ እንግዳ ነኝ፤ እንዳያወራኝ አማቱ ነኝ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረና ለፈረንጆቹ የሚያወራውን ለግንቡ አወራለት።

ሰዎቹ አገራቸው ከምዕራብ ዳር ነው አለ፤ ከነሱ ወዲያ ያለው ውሃ ብቻ። የሸራ መርከብ ሠርተው አፍሪካን ዳር ዳሯን ይዘው ወረዱ። አንዱ የደረሰበት ላይ ሌላው ይጀምራል፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ ከታች ዞሩና በዚህ በእኛ በኩል ወጡ። ሶፋላ፣ ሞዛምቢክ፣ ሞምባሳ እያለ ጠራቸው። አንዳንዱ ጋ ይታረቃሉ፣ አንዳንዱ ጋ ይዋጋሉ። ማሊንዲ የሚባለው ከተማ ንጉሥ ወደዳቸውና ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ሰጣቸው፤ እሱ መርቶ ህንድ አገር አደረሳቸው። ማሊንዲ ላይ ከአገራቸው ተሸክመው ያመጡትን ድንጋይ አቁመው መስቀል አድርገውበታል፣ ዛሬም አለ። ኋላ ወደዚህ መጡና ቀልሃት የሚባለውን ከተማ አቃጠሉ፣ ሙስካትንም አቃጠሉ፤ ያቃጠሉት ላይ ደግሞ ይህን ግንብ ሠሩ። ምጽዋ ላይ ወርደው እኛ አገር የገቡትም ከነሱ ወገን ናቸው አለ።

የእኔ ሐሳብ ግን እዚያው ማሊንዲ፣ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ከቤታቸው ድንጋይ ተሸክሞ አፍሪካ የሚያክል አገር መምጣት? እኛ ወረዳ ቦረና ቢመጡ ኖሮ የፈለጉትን ያህል እናሸክማቸው ነበር፤ እኛ ከማሳችን እየለቀምን የምንጥለው ድንጋይ ነው። ይህን ጮክ ብዬ አልኩት። የአማቼ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀ ነው፣ ግን አይዞርም።

‹‹እናቶቻቸውስ?›› አልኩ።

ያኔ ዞረ። ከተጋቡ ወዲህ ፊቱን ሙሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መልከ መልካም ነው፣ ልጄ አልተሳሳተችም።

‹‹የማን እናቶች?››

‹‹የመርከበኞቹ እንጂ። እናት የላቸውም?››

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ፈረንጅ የለም አለኝ። ብዙዎቹ እንዳልተመለሱ፣ መርከብ ሲነሳ እናትና ሚስት ወደቡ ላይ ቆመው ያለቅሱ እንደነበር ነገረኝ። እኔም እነዚያ ልጆች ምን ብለው እንደተሰናበቱ ታየኝ። ሌላ ምን ይላሉ? ምንም አይደለም እማማ፣ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል። የሚፈራ ሰው መቼ ፈራሁ ይላል። ሸኚውን ያሳስቀዋል፣ ሂድ ሂድ ይለዋል፣ በሩን ደገፍ ብሎ፣ የሻሹን ጫፍ ነክሶ።

እዚህ ላይ ውሃው ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። ከብቶቹ በረት ውስጥ ነበሩ።

አለመቀመጧ፣ ቤቱን መጥረጓ፣ ያዝ ለቀቅ ማለቷ፤ ሳቅ ነው ብዬ የጠቀስኳት ሳቅ አልነበረም። ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው። ባሏንም እኔንም ከብት ፍለጋ ሰዳናለች፣ ያውም በውሃ ላይ። ስመጣም ከእኔ በቀር ለማንም አትንገሪ ነበር ያልኳት፤ እሷ ግን ለእኔ ከነገረች ድንጋጤዬን ባሏ ያይብኛል ብላ እኔንም ጨምራ ሸኘችኝ። ይህን ኋላ ነው የነገረችኝ። ያኔ የታየኝ ያቺ ብቻዋን የወረዳት ቀን ናት። ቃል ገብቼ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ እጇን ልይዝ መጥቼ፣ የሞቱ ሰዎች ግንብ ሥር ቁጭ ብያለሁ።

‹‹አዙራት›› አልኩት።

‹‹ምነው እማማ፣ ባሕሩ አመመዎት?››

‹‹ባሕሩ አይደለም። ሚስትህን ምጥ ይዟታል።››

‹‹ማን ነገረዎት?››

‹‹ማንም አልነገረኝም። ለዚያ እኮ ነው የምልህ፣ አዙራት አንተ።››

አንተ ማለቴን ሁለታችንም አላስተዋልነውም። ጀልባዋን ሲያዞር ውሃው ጎኗን በጥፊ መታት፣ እኔንም ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ አጠበኝ። ስልኩን አወጣ፤ ቋጥኙ ከልሎት አይሰማም። ወደ ኋላ ስመለከት ያ ግንብ እዚያው ነው፤ እንሄዳለን እንሄዳለን፣ እሱ አልርቅ ይላል። ተነስቼ ቆምኩ፤ ቆሜ ብሄድ የሚፈጥን ይመስለኛል። ይቀመጡ እማማ፣ ይወድቃሉ ይለኛል። ማርያም ማርያም ማለት ጀመርኩ። ይህ የሴቶች ነው፤ ምጥ ያለበት ቤት ሴቶች ናቸው እንዲህ የሚሏት፣ ወንድ ውጭ ነው የሚቆመው። ጀልባ ላይ ግን ውጭ የት አለ? ትንሽ ቆይቶ ከሞተሩ ድምፅ መሀል የሱም ድምፅ ሰማሁ፤ ማርያም ማርያም ይላል፣ እያለቀሰ።

ቋጥኙን ስናልፍ ስልኩ ራሱ ጮኸ። ከነሱ በላይ ፎቅ የምትኖር የኮምቦልቻ ሴት ናት። ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አግኝታት ሆስፒታል ወስዳታለች። ‹‹አብሽሩ›› አለች፣ ‹‹ደህና ናት፣ ገና አልወለደችም፣ እናቷን ነው የምትጠራው።›› ጮክ አድርጋ ስለተናገረች እኔም ሰማሁ። አብሽር የምትለዋን ቃል እኛ ወሎዎች ለታመመውም ላዘነውም እንላታለን፤ እንደዚያን ቀን ግን ጠጥቻት አላውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት የህንድ ነርስ አስቆመችን። መግባት የሚችለው አንድ ሰው ነው አለች። ባልየው ነው እንግዲህ የሚገባ፣ ሕጉም አገሩም የሱ ነው። እኔ ከነጠላዬ ጨው ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሜያለሁ። አማቼ እኔን አየኝ፣ ነርሷን አየ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

‹‹እርስዎ ይግቡ እማማ›› አለ። ‹‹ስትጠራ የነበረው እርስዎን ነው።››

ለዚያ ልጅ ያን ጊዜ ነው በልቤ እናት የሆንኩለት።

ስገባ ልጄ አልጋው ላይ ናት፣ ፊቷ ወርዝቷል። ስታየኝ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

‹‹ማን ነገረሽ?›› አለችኝ።

‹‹ከብቶቹ›› አልኳት።

ሐኪሟ ዞር ብላ አየችን፤ ምን ያስቃቸዋል እነዚህን ብላ ይሆናል። እጇን ያዝኩ። ጣቶቼን ልትሰብራቸው ደረሰች፤ ትስበራቸው፣ አርጅተዋል። ማርያም ማርያም አልኳት፣ እሷም አለች፤ እንዲያ ስንል ስንል ያቺ ጉድ መጣች፤ ሴት ልጅ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከመውጣቷ የምትሳደብ። ልጄ ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ ጣለችና በረጅሙ ተነፈሰች። ያን ሁሉ ወር አፍና የያዘችውን ትንፋሽ ነው መሰለኝ ያወጣችው። እኔም ወንበር ፈለግሁ።

ከዚያ እልል አልኩ። ነርሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አስባለችኝ። በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ቀስ ብዬ ቀጠልኩ። ከበሩ ውጭ ያቺ የኮምቦልቻ ሴት ሰማችኝና ተቀበለችኝ፤ እሷን ዝም ያሰኛት የለም፣ ኮሪደሩን ሞላችው። አማቼም የሰማው ከዚያ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ሳይጠይቅ መሬት ቁጭ አለ አሉ።

ቤት ስንመለስ ያን የደጎሎ ገብስ ገንፎ አገነፋሁት። መሀሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን አፈሰስኩበት። የሰፈሩ የሐበሻ ሴቶች መጥተው ዙሪያውን ከበው በሉ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አሏት። አራሷም በላች፣ እስኪወዛት። አማቼ ልማዱ ነውና ወጥ ቤት ቆሟል። ሴቶቹ ሲሄዱ ከገንፎው ቆርሼ በሳህን አደረግሁና፣ ሳላስል፣ ጠራሁት።

‹‹ና፣ እዚህ ተቀምጠህ ብላ። አብሮኝ ማርያም ማርያም ያለ ሰው ምን ያፍረኛል?››

አራሷ ትራሷ ውስጥ ሳቀች። እሱ መጣ፣ ሳህኑን ተቀበለ፣ ወንበሩንም ሳበ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ቋጥኙ ላይ ወዳለው ግንብ አዞረና ለእኔ ጀርባውን ሰጥቶ በላ። እኔም ልጅቷን ታቅፌ ጀርባውን ብቻ አየሁ። ሲጨርስ ሳይዞር፣ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ሰዶ ሳህኑን ዘረጋልኝ። ጨመርኩለት።